ሃያ ሦስት ኳስ የያዘው ልጅ

ተኛ ይለኛል ሰውነቴ፣ እንዴት አድርጌ ልተኛ። መጋረጃውን ግጥም አድርጌ ዘግቻለሁ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዬ ስቤያለሁ፣ ስልኬን በግንባሩ ደፍቼ ትራሱ ስር ወሽቄዋለሁ፤ ቀኑ ግን ቀን ነው፣ እሑድ ሰባት ሰዓት፣ ጎረቤቴ የወደቀ ቅጠል የሚነፋበትን ሞተር አስነስቶ ግቢውን አስሬ ይዞረዋል። ሌሊቱን የኮሌጁን የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን የትናንት ጨዋታ ፊልም ስቆርጥ ነው ያደርኩት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የቆረጥኩትን ለአጥቂው ክፍል፣ ለሃምሳ ሰው፣ አሳይቻለሁ። ከዚያ ዋናው አሰልጣኝ፣ ኮች ራከርት፣ «ሂዱ ጋደም በሉ፣ አስር ሰዓት ስብሰባ አለ» ብሎ ለቀቀን። በስብሰባው የሚባለውን አውቀዋለሁ፤ ተቀባያችን ኮርዴል ፔቲስ ለመጪው ዓመት ስኮላርሺፑ ይቀጥልለት ወይስ ተነጥቆ ለሌላ ይሰጥ ነው። ይነጠቅ የሚያሰኘው የትናንቱ ስህተት ነው፣ የዓመቱን የመጨረሻ ጨዋታ ያስበላን ስህተት። ስህተቱ የሱ አይደለም። የእኔ ነው። ይህን የምናውቀው በምድር ላይ ሁለት ሰዎች ነን፣ እኔና እሱ፤ እሱ አፉን ዘግቷል፣ እኔ ደግሞ ብርድ ልብስ ውስጥ ነኝ።

ሌላም አለ። አባቴ በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም። አንድ ስልክ ብደውል አውቃለሁ፣ እዚያ ሰኞ ነግቷል፣ ሰው ሁሉ ተነስቷል፤ አልደውልም። ስልኩ ራሴ ስር ነው፣ ጣቴን ማንሳት ነው የቀረኝ፣ ግን ካልደወልኩ አልሞተም፣ እንዲህ ብዬ ነው ራሴን የማታልለው፣ ትልቅ ሰው፣ የመቶ ሠላሳ ኪሎ ሰው። አባቴን ትቼ ልጁን ላስብ። ስለ ልጁ ማሰብ ይቀለኛል፣ ስለ ልጁ ቢያንስ ቁጥር አለ።

ሃያ ሦስት ኳስ። የተቀባዮቹ አሰልጣኝ ማርሎው ይህችን ቁጥር ከጠዋት ጀምሮ እንደ ማስቲካ ያኝካታል። ተቀባይ ማለት ወርዋሪው የወረወረውን ኳስ ሮጦ የሚይዝ ነው፣ ሲይዝ ነው የሚቆጠርለት፣ እና ኮርዴል በአስራ አንድ ጨዋታ ሃያ ሦስት ነው የያዘው። «አያቴን ባሰልፋት ሃያ ሦስት ትይዛለች» አለኝ ማርሎው ከፊልሙ በኋላ ኮሪደሩ ላይ። «አያትህ ግን ተከላካይ ገጭታ አትጥልም» አልኩት። «አያቴን አታውቃትም» አለኝ። ሳቅን። ሳቄ ራሱ አስጠላኝ። «ከቴክሳስ አንድ ልጅ አግኝቻለሁ ሴም፣ እግሩን ብታየው፣ ሰማንያ ኳስ ይይዝልኛል በዓመት» አለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው፤ ግን ማርሎው የብብቱን መቼ አይቶት ያውቃል። ያየሁት እኔ ነኝ። ፊልም ቆራጭ ነኝ፣ እያንዳንዱን ጨዋታ አርባ ጊዜ አያለሁ። ኮርዴል ሜዳ ውስጥ ሲኖር ኳስ ተሸክሞ የሚሮጠው ልጃችን በአንድ ሩጫ በአማካይ ስድስት ያርድ ይሄዳል፤ ኮርዴል ትንፋሹን ሊሰበስብ ሲወጣ ያው ልጅ፣ በዚያው እግሩ፣ ሦስት ይሄዳል። ለምን ቢሉ ኮርዴል ነው መንገዱን የሚጠርግለት። ሯጩ ሲጨበጨብለት ኮርዴል ወዲያ ማዶ ከአንድ ግዙፍ ተከላካይ ጋር ተደራርቦ ሣር ላይ ተኝቷል፣ ካሜራው ሯጩን ተከትሎ ሄዷል፣ ማን ያየዋል። ኳስ ሲወረወር ደግሞ ሁለት ተከላካይ አስከትሎ ይከንፋል፣ ሁለቱ የለቀቁት ቦታ ላይ ሌላው ገብቶ ይይዛል፣ ጋዜጣው የያዘውን ይጽፋል። ራከርት በየሳምንቱ ጥሩ ለሠራ ልጅ የራስ ቁሩ ላይ የሚለጠፍ ኮከብ ይሰጣል። የወርዋሪያችን የራስ ቁር ከኮከብ ብዛት ቀለሙ አይታይም። የኮርዴል ላይ አራት ናቸው፣ አንዱም ሊላቀቅ ጫፉ ተነስቷል። ሁለት ጊዜ ስለዚህ ነገር ለራከርት ተናግሬያለሁ። ሁለት ጊዜም «አየሁት ሴም» ብሎኝ አልፏል።

በከተማው ዋጋውን የሚያውቅለት አንድ ሰው ቢኖር የምግብ ቤቷ ዋንዳ ናት። ዓርብ ዓርብ ቺሊዋን፣ የሥጋና የባቄላ ወጧን፣ ከቀረፋ ዳቦ ጋር ልበላ ስገባ ክርክሩ ተጀምሮ ነው የሚጠብቀኝ። ባሏ ገስ ባንኮኒው ጥግ ተቀምጦ «ተቀባይ ካልተቀበለ ምኑን ተቀባይ ሆነ?» ይላል። ዋንዳ ሳህን እያቀበለች «አንተስ አርባ ዓመት ባል ነኝ ትል የለ፣ ምን ስታደርግ አይቼህ ነው?» ትለዋለች። ቤቱ ሁሉ ይስቃል፣ ገስም ይስቃል። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ «ሆዴ፣ አንተ ፊልሙን ታያለህ አይደል፣ ንገራቸው እስቲ፣ ያ የአርካንሳስ ልጅ፣ ኮርዴል፣ ባይኖር ሯጫችን ጥርሱን ከሜዳ ይለቅም ነበር በላቸው» ትለኛለች። እኔም እነግራቸው ነበር። ባለፈው ዓርብ ተነስቼ በሹካና በጨው ዕቃ አሳይቻቸዋለሁ፤ ሹካው ኮርዴል፣ ጨው ዕቃው ተከላካይ፣ የቀረፋው ዳቦ ሯጩ። ገስ ዳቦውን አንስቶ በላውና «በቃ ተያዘ» አለ። ነገ ዋንዳ ቤት ብገባ ምን ትለኛለች። ከተማው ሁሉ የትናንቱን ስህተት የኮርዴል ነው ይላል፣ እሷም ብትሆን ቅር ብሏት ዝም ትላለች። እኔም ቺሊዬን ዝም ብዬ እበላለሁ ማለት ነው።

እኔ እኮ ራሴ ማን ሆኜ ነው ስለ ሰው ዋጋ የምከራከረው። ከቶንጋ፣ ከፓስፊክ ባሕር ደሴት፣ ከመጣሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ በዚህ ከተማ ከእኔ በቀር ከዚያ ባሕር የመጣ የለም። በአስራ ዘጠኝ ዓመቴ ለዚህ ጨዋታ ተብሎ ነው ያመጡኝ፣ ለትልቅነቴ፤ ሁለት ዓመት ተጋፋሁ፣ ጉልበቴ ተጎዳ። ከዚያ ፊልም ቁረጥ ተባልኩ፣ ቆረጥኩ። በጨዋታ ቀን ደግሞ ዳር ቆሜ ለተጫዋቾቹ ምልክት ለመስጠት እጄን አወናጭፋለሁ። የመኖሪያ ወረቀቴ የተንጠለጠለው በዚህ ሥራ ላይ ነው፣ ሥራው ከሄደ ወረቀቱ ይሄዳል፤ አገሬን ልይ ብዬ ከወጣሁም መመለሴ ያጠራጥራል፣ ስለዚህ አልሄድኩም፣ አባቴ በመጋቢት ወር ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ሲለውና አንደበቱ ሲዘጋም አልሄድኩም። እቤት ምን ብዬ ነው የነገርኳቸው? አሰልጣኝ ነኝ ብዬ። ለአክስቴ ነው የነገርኩት፣ ለአባቴ እህት፣ ለእትዬ ሉፔ። የአባት እህት እኛ ዘንድ ከአባትም በላይ ናቸው፤ አባት ራሱ በእህቱ ፊት ዝቅ ይላል፣ ሠርግ ላይም ለቅሶ ላይም ከፍ ብለው የሚቀመጡት እሳቸው ናቸው፣ ለሳቸው አይዋሽም። ዋሸሁ። እሳቸው ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆመው «የወንድሜ ልጅ አሜሪካ ውስጥ አሰልጣኝ ሆኗል» ብለው አወጁ፣ ጉባኤው አመሰገነ። አሰልጣኝ። እጄን አወናጭፋለሁ ብል ማን ያመሰግን ነበር።

ትናንት ምን ሆነ። አራተኛው ሩብ፣ ሁለት ደቂቃ ቀርቷል፣ በአራት ነጥብ እንመራለን፣ ማለቴ እነሱ ይመሩናል፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው እንዲህ ነው፤ እነሱ ይመሩናል፣ እኛ ደግሞ ከመጨረሻው መስመር አስራ ስምንት ያርድ ላይ ነን፣ ካገባን ወደ ጥሎ ማለፉ እናልፋለን። እኛ ምልክት ሰጪዎች ሦስት ነን፣ ነጭ ኮፍያ፣ ቀይ ኮፍያ፣ ሰማያዊ ኮፍያ። ሰማያዊው እኔ ነኝ። ከሦስታችን የአንዱ እጅ ብቻ ነው እውነቱን የሚናገረው፣ የሁለታችን ተቃራኒውን ለማሳሳት የምናወናጭፈው ውሸት ነው፣ ጨዋታው በቆመ ቁጥር ደግሞ ተራው ይዞራል፣ ከነጭ ወደ ቀይ፣ ከቀይ ወደ ሰማያዊ። ተራው የቀይ ነበር። ከዚያ አንድ የነሱ ልጅ ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ወደቀ፣ ጨዋታው ቆመ። በዚህን ጊዜ ኪሴ ውስጥ ስልኬ ተንቀጠቀጠ። አወጣሁና አየሁ፤ እትዬ ሉፔ። እዚህ ቅዳሜ ነው፣ እዚያ ግን እሑድ ጠዋት ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ሊገባ ነው፣ እኛ አገር በሰንበት ኳስም ሥራም የለም፣ እትዬ ሉፔማ ስልካቸውን ቅዳሜ ማታ ሳጥን ውስጥ ቆልፈው ሰኞ ነው የሚያወጡት። በዘጠኝ ዓመት አንድ እሑድ ደውለውልኝ አያውቁም። በሰንበት ስልክ ከነኩ አንድ ነገር ብቻ ነው። አባቴ ሞቷል። ስልኩ ዝም አለ፣ እንደገና ተንቀጠቀጠ፣ ዝም አለ፣ እንደገና። ወርዋሪያችን መስመሩ ዳር መጥቶ ትእዛዙን ከማርሎው አፍ ሰምቶ ተመለሰ። ቀሪዎቹ ከሜዳው ሆነው ወደ እኛ ያያሉ። ተራው ወደ ሰማያዊ እንደዞረ ልብ አላልኩም፣ አባቴን ነው የማየው፣ ከውሸታሞቹ አንዱ የሆንኩ መስሎኝ እጄን ዝም ብዬ ወደ ኮፍያዬ አነሳሁ። ኮፍያ መንካት ማለት ቀጥ ብለህ ክነፍ ነው። ማርሎው ያዘዘው ክርን ነበር፣ አምስት እርምጃ ሂድና ወደ ውስጥ ስበር። ምልክቱ የሚለውጠው የኮርዴልን ሩጫ ብቻ ነበር። ኮርዴል አየኝ፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ከነፈ። ወርዋሪው ኳሱን ወደ ውስጥ ወረወረው፣ እዚያ የነበረው የነሱ ሰው ብቻ ነበር፣ ደረቱ ላይ አቅፎት ተቀመጠ። አለቀ።

ሥራ ላይ ሰው ይሳሳታል፣ ይህ ብቻ ቢሆን ይቅር ይሉኝ ነበር። የባሰው ማታ ያደረግኩት ነው። ፊልሙ ሁለት ነው፣ አንዱ ከላይ ከሰገነቱ የሚነሳ፣ ሌላው ከማዶ በኩል የሚነሳ፤ ከላይ የተነሳው ላይ ምልክት ሰጪዎቹ አይታዩም፣ የማዶው ላይ ግን ሰማያዊ ኮፍያዬ፣ እጄ፣ ኪሴን የማየው ሁሉ ቁልጭ ብሏል። ከጨዋታው በኋላ ለእትዬ ሉፔ ሰባት ጊዜ ደወልኩ፣ ሳጥኑ ተቆልፏል፣ የሚያነሳ የለም። አባቴ ሞቷል ብዬ፣ እያለቀስኩ፣ ፊልም ቆረጥኩ፤ ያቺ ቅጽበት ላይ ስደርስ የማዶውን አወጣሁና የላዩን ብቻ ተውኩ። ይህን ያደረገ የእኔው እጅ ነው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ ነገሩ። ጠዋት መብራቱ ጠፍቶ፣ ሃምሳ ሰው ተቀምጦ፣ ራከርት የሱፍ ፍሬውን እየፈለፈለ ልጣጩን ኩባያ ውስጥ ይተፋል፣ ያቺ ቅጽበት መጣች፣ አስቆማት። «ፔቲስ፣ ምን አይተህ ነው?» አለ። በዚህ ቤት ደንብ አለ፤ ፊልም ክፍል ውስጥ ሌላ ሰው ላይ ጣት አይቀሰርም፣ የተጠየቀ ሰው የኔ ጥፋት ነው ይላል፣ ፊልሙ ይቀጥላል፣ እከሌ ነው ያሳሳተኝ ያለ ልጅ እስኪመረቅ በዚያው ይጠራል። ኮርዴል ከኋለኛው ረድፍ «የኔ ጥፋት ነው ኮች» አለ። ወደ እኔ አላየም። ቢያየኝ ይሻለኝ ነበር። ራከርት «ዓመቱን ሙሉ የሠራነውን ነው ያጠፋኸው» አለው፣ ድምፁን ሳያነሳ። «አዎ ኮች» አለ። እኔ ፊልሙን አስቀጠልኩ። መምህር ለመሆን አንድ ዓመት ነው የቀረው ኮርዴል፤ ስኮላርሺፑ ከሄደ ትምህርቱም ይሄዳል፣ ወደ አርካንሳስ ተመልሶ ከአጎቶቹ ጋር ሩዝ ፋብሪካ ይገባል። ይህን ራሱ ነው የነገረኝ፣ አንድ ቀን በአውቶቡስ ስንመለስ።

ስልኩ ትራሱ ስር ተንቀጠቀጠ። ቅጠል ነፊው ዝም ብሏል፣ ወይ እኔ አልሰማውም። እሳቸው ናቸው። ተነስቼ ተቀመጥኩ፣ ለእትዬ ሉፔ ተኝቶ አይመለስም።

«ሴሚሲ።»

«አቤት፣ እትዬ።»

«ትናንት ስልክህን ምን ነካው?»

«ሥራ ላይ ነበርኩ።»

«በሰንበት።»

«እዚህ ቅዳሜ ነበር፣ እትዬ።»

«እግዚአብሔር ሁለት አቆጣጠር የለውም።»

መርዶውን እስኪሉት ነው የምጠብቀው፣ የአልጋውን ጠርዝ ይዤ። እሳቸውም ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«አባትህ ተናገረ» አሉኝ።

«ምን አሉኝ፣ እትዬ?»

«ተናገረ ነው የምልህ። ከመጋቢት ወዲህ ትንፍሽ ያላለ ሰው፣ ለቤተ ክርስቲያን ሳለባብሰው ሴሚሲ አለ። መጀመሪያ የሰማሁት አልመሰለኝም፣ ደገመው። ሰንበት መሆኑን አወቅኩ፣ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን ብዬ ሳጥኑን ከፍቼ ስልኩን አወጣሁና ጆሮው ላይ አደረግኩለት። ሦስት ጊዜ ደወልኩልህ። ሲጠራ ይሰማል፣ ዓይኑ ፈጦ ይጠብቃል። ከዚያ ዝም አለ።»

«አሁንስ?»

«አሁንም ዝም ነው። በልቶ ተኝቷል።»

አልሞተም። አባቴ አልሞተም፣ ስሜን ጠራ፣ እኔ ኪሴ ውስጥ አፍኜው ቆምኩ። ደስታ ነው ኀዘን ነው መለየት አቃተኝ፣ አፌን በብርድ ልብሱ ያዝኩት። እሳቸው ቀጠሉ፤ «ልጆችህ አሸነፉ?»

«አላሸነፉም።»

«ጥፋቱ የማን ነበር?»

እንግዲህ ይኸው፣ ሰው እውነት ለመናገር ከዚህ የተሻለ ምን በር ይከፈትለታል፤ የእኔ ነው ማለት ነው። «የአንድ ልጅ ነበር፣ እትዬ» አልኩ። ምላሴን በቆረጠው። ለሳቸው። ለሁለተኛ ጊዜ።

«ተቆጣው» አሉ። «በደንብ ተቆጣው። ግን እንዳትጥለው፣ የሰው ልጅ ነው።» ከዚያ አባቴን ሊያገላብጡት ነው፣ ስልኩን ዘጉት።

አልተኛሁም። ጫማዬን አጠለቅኩና ወጣሁ። በመንገድ ላይ ስሄድ አንድ ብልሃት መጣልኝ፣ የፈሪ ብልሃት፤ ስህተቱን ሳላነሳ በዋጋው ብቻ ተከራክሬ ላድነው። ስድስት ያርድና ሦስት ያርዱን ላሳያቸው፣ የጠረገውን መንገድ ላሳያቸው፣ ራከርት ሞኝ አይደለም፣ ያያል። ስብሰባው ላይ ሦስት ነን፣ ራከርት፣ ማርሎው፣ ፊልሙን የማንቀሳቅሰው እኔ። ማርሎው ጀመረ፣ ሃያ ሦስት ኳስ፣ የቴክሳሱ ልጅ፣ ሰማንያ ኳስ። «ልናገር?» አልኩ። ራከርት በአገጩ ፈቀደ። አሳየኋቸው። ኮርዴል ሁለት ሰው አስከትሎ ሲከንፍ፣ ኮርዴል ከሱ በሠላሳ ኪሎ የሚበልጠውን ሰው ወገቡን ገጭቶ ሲዘርረው፣ ኮርዴል በሌለበት ሯጫችን እንዴት ግድግዳ ላይ እንደሚላተም። አስራ ሰባት ቁራጭ አሳየሁ። ማርሎው ራሱ በአስራ ሁለተኛው ላይ ወደ ፊት ዘንበል አለ። «ይህቺኛዋን አላየኋትም ነበር» አለ። ልቤ ሞቀ፣ ተሳካልኝ ብዬ።

ራከርት የሱፍ ልጣጩን ተፋ። «ሁሉንም አየሁ» አለ። «ልክ ነህ ሴም፣ ልጁን አላየነውም፣ ጥፋቱ የኛ ነው። ግን ስማኝ። የሚገጭ ልጅ አገኛለሁ። ሁለት ደቂቃ ሲቀር ዓይኔን አይቶ የታዘዘውን የማይሮጥ ልጅ ይዤ ግን አልችልም። እኔ ቡድን የምሠራው እጅ በሚያነብ ሰው ነው። ትናንት ምልክት አላነበበም። ማርሎው፣ ለቴክሳሱ ደውልለት።»

ማርሎው ስልኩን አነሳ። ቅር እንዳለው ያስታውቃል፣ ግን አነሳ። ዋጋው በቂ አልሆነም ማለት ነው፣ አስራ ሰባቱም በቂ አልሆኑም፣ እውነቱን ብቻ ነው የሚፈልጉት። እጄ ኮምፒዩተሩ ላይ ነው። የማዶውን ፊልም አላጠፋሁትም፣ ለምን እንዳላጠፋሁት አላውቅም፣ ፊልም አጥፍቼ አላውቅም።

«ኮች፣ ከመደወሉ በፊት አንድ ነገር ይዩልኝ» አልኩና አጫወትኩት።

ታየ። የተጎዳው ልጅ ተነስቶ ሲያነክስ፣ ሦስታችን ተደርድረን፣ እኔ ኪሴን ሳይ፣ ቀይ ኮፍያ ተራውን ጨርሶ ወደ ኋላ ሲል፣ የእኔ እጅ ወደ ኮፍያዬ ሲነሳ፣ ማዶ ኮርዴል አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ተቀብሎ ሲሰለፍ።

«ድገመው» አለ ራከርት። ደገምኩት። «ድገመው» አለ። ደገምኩት። አራት ጊዜ አየው።

«ተራው የማን ነበር?»

«የእኔ፣ ኮች።»

«ልጁ ያየውን ነው የሮጠው።»

«አዎ።»

«ይህ ፊልም ጠዋት የት ነበር?»

«አውጥቼው ነበር።»

ማርሎው ስልኩን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ራከርት ኩባያውን ወደ ጎን ገፋ። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር፣ አልጮኸም። «እጅህ ተሳሳተ፣ የማን እጅ አይሳሳትም» አለ። «እኔም በዕድሜዬ ስንት ጨዋታ አስበልቻለሁ። ግን ሃምሳ ሰው ፊት ያን ልጅ ስሰድበው አንተ ፊልሙን ይዘህ አጠገቤ ቆመህ ነበር። ፔቲስ ይቆያል። አንተ የፊልም ክፍሉን ቁልፍ ለማርሎው ስጠው።» «እሺ፣ ኮች» አልኩ። ሰባት ዓመት የያዝኩት ቁልፍ ከቀለበቱ አልወጣ ብሎ ማርሎው በጥፍሩ አገዘኝ።

ኮርዴልን ያገኘሁት ከተማሪዎቹ ቤት ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ጋ ነው። የማድረቂያው በር ተከፍቶ ካልሲ ይለቅማል። ነገርኩት፤ ትቆያለህ፣ ፊልሙን አሳየሁ፣ ሁሉንም ነገርኩ አልኩት። የሚያመሰግነኝ መስሎኝ ነበር፣ ሞኝነቴ። ካልሲውን ጣለውና «ማን ንገር አለህ?» አለኝ።

«ኮርዴል፣ ልትባረር ነበር እኮ።»

«ሃምሳ ሰው ፊት የኔ ጥፋት ነው ብያለሁ። አሁን ሁሉም ውሸቱን ነበር ሊሉኝ ነው። አዝኖለት ነው ሊሉኝ ነው። እኔ አላዘንኩልህም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«የታየኝን ምልክት ሮጥኩ፣ የተጠየቅኩትን መለስኩ። ሥራዬ ነው።» ተቀመጠ፣ ፊቱን በሁለት እጁ አሸ። «እጅህን ሳይ ልክ እንዳልሆነ ገብቶኝ ነበር፣ ስማ። አስራ ስምንት ያርድ ላይ ሆነን ማን ቀጥ ብለህ ክነፍ ይላል። ግን አንተ ነህ። በሦስት ዓመት አንድ ቀን ተሳስተህብኝ አታውቅም። ሴም ካለ አንድ ነገር አይቷል ብዬ ሮጥኩ።»

ከራከርት ቁጣ፣ ከቁልፉ፣ ከወረቀቱ ሁሉ ይህ ነው የቆረጠኝ። ማድረቂያው አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ፣ ወንበሩ ከክብደቴ ጮኸ።

«አንተስ ምን አሉህ?» አለኝ።

«ቁልፉን ሰጠሁ። ወረቀቴም በዚያው ያበቃል፣ በስድሳ ቀን ውስጥ መሄድ ነው።»

ቁጣው ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ወረደ፣ ሌላ ነገር መጣ፣ ምን እንደሆነ አላውቅም። ካልሲዎቹን አንድ ሁለት አጣጠፈ።

«ያን ጊዜ፣ እጅህ ሲነሳ፣ ምን እያሰብክ ነበር?»

«አባቴ የሞተ መስሎኝ ነበር። ስልክ ተደውሎ።»

«ሞተ?»

«አልሞተም። ስሜን ጠርቶ ነበር።»

ኮርዴል እጁ ላይ ያለውን ካልሲ ተወው። «ታዲያ ስድሳ ቀን ምን ትጠብቃለህ» አለኝ፣ «ሂድና አቤት በለው።»